ሱፐር ትሬዠር ሀንት ከመግዛታችሁ በፊት ሆዱን እዩት

በኢንተርኔት የሆት ዊልስ መጫወቻ መኪና የምትገዙ ሰብሳቢዎች፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የመኪናውን ሆድ በቅርብ የሚያሳይ ፎቶ ጠይቁ። ከላይ የተነሳ ፎቶ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም።

ማጭበርበሩ የሚበዛው ሱፐር ትሬዠር ሀንት በሚባሉት፣ በጥቂቱ በሚመረቱና ውድ በሆኑ የሆት ዊልስ መኪኖች ላይ ነው። የእነዚህ ጎማ የላስቲክ ነው። ቀለማቸው ደግሞ ስፔክትራፍሌም ይባላል፤ ብረቱ ከሥር የሚያበራ ይመስላል። አጭበርባሪው ተራውን መኪና ፈትቶ ይቀባዋል፣ ከሌላ መኪና የወሰደውን የላስቲክ ጎማም ይገጥምለታል። ለመፍታት ግን ሆዱን ከአካሉ ጋር የያዘውን ሪቬት (ጫፉ የተደፈጠጠ የብረት ማያያዣ) መብሳት የግድ ነው። ስለዚህ ፎቶውን አጉሉና ሪቬቱን መርምሩ። ከተቦረቦረ፣ ሙጫ ከነካው ወይም በብሎን ከተተካ መኪናው ተከፍቷል። በቃ፣ የሻጩን ማብራሪያ አትስሙ።

ከ2008 ወዲህ በተሠሩት ሆድ ላይ አንድ ፊደልና ሁለት አኃዝ ታገኛላችሁ። ፊደሉ የተመረተበትን ዓመት፣ አኃዙ ሳምንቱን ያሳያል። ሻጩ ከሚለው ዓመት ጋር በጣም ከተራራቀ ጠርጥሩ።

«ከካርዱ (መኪናው ታሽጎ ከሚሸጥበት ካርቶን) አልወጣም» መባሉም ዋስትና አይደለም። መኪናውን የሸፈነውን ፕላስቲክ አንስቶ መልሶ መለጠፍ ይቻላል። ጠርዙን ዙሪያውን ተከታተሉ፦ የተላጠ ወረቀት፣ ያበጠ ካርድ፣ የተረፈ ሙጫ ካለ ተነካክቷል። በቅርብ ዓመታት በወጡት ሱፐር ትሬዠር ሀንቶች ላይ ከመኪናው ጀርባ ካርዱ ላይ የታተመ ወርቃማ ክብ የእሳት ምልክትም አለ፤ እሱንም ፈልጉ።

ሻጩ ተጨማሪ ፎቶ አልልክም ካለ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ ተዉት።