ኮቴ አልሰማ ሲለኝ

ቫሎራንት የተባለውን የተኩስ ጌም ስጫወት ጠላት ከግራ ይምጣ ከቀኝ መለየት አቃተኝ። ድምፁ ሁሉ የስልክ ጥሪ ይመስላል። የብሉቱዝ ሄድሴቴን ልጥለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ለካ ጥፋቱ የማይኩ ነው። ብዙ የብሉቱዝ ሄድሴቶች ማይካቸው ሲከፈት ወደ ጥሪ ሁነታ ይገባሉ፤ ግራና ቀኙን የሚለየው ስቴሪዮ ይጠፋል፣ ድምፁም ሞኖ፣ ማለትም በሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ይሆናል። ዊንዶውስ ላይም ጌሙ ውስጥም ማይኩን ወደ ላፕቶፑ ቀየርኩ፤ ሄድሴቱን ለመስሚያ ብቻ ተውኩት። ከዚያ ጌሙ ውስጥ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ የሚያስለየውን ኤችአርቲኤፍን አበራሁ። ኮቴው ከኋላዬ ኮሽ ኮሽ ሲል ሰማሁ። ዞር ብዬ ቀደምኩት!

የቀረው የጅማ ዝናብ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የላፕቶፕ ማይክ አንዱንም አያስቀርም። ጓደኞቼ «ኧረ ጎርፍ ወሰደህ እንዴ?» ይሉኛል። ፑሽ ቱ ቶክ አደረግኩት፤ አሁን ዝናቡን የሚሰሙት ቁልፉን ስጫን ብቻ ነው።