ዘላይዋን ሸረሪት ዓይን ለዓይን ፎቶ ማንሳት

ፀሐይ የሚያርፍበትን የቤታችሁን የውጭ ግድግዳ ጠጋ ብላችሁ እዩት። የሩዝ ፍሬ የምታክል ግራጫ ሸረሪት ሄድ፣ ቆም፣ ደግሞ ሄድ ስትል ታገኙ ይሆናል። ጣታችሁን ስታስጠጉ ዞር ብላ ካየቻችሁ እሷው ናት፤ ዘላይ ሸረሪት።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለው ተረት እሷን አይመለከትም። ወጥመድ አትዘረጋም፤ እንደ ድመት አድፍጣ ነው የምትይዘው። ክሯ ስትዘል እንዳትወድቅ ገመድ ይሆናታል፣ ለመኝታዋም ትንሽ ከረጢት ትሠራበታለች። ዝርያዋ ከ6,000 በላይ ነው። ስምንት ዓይን አላት፤ ከፊት ያሉት ሁለቱ እንደ መኪና መብራት ትልልቅ ናቸው። ፎቶውን ፎቶ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።

ፍለጋው

ግድግዳ፣ አጥር፣ የመስኮት ጠርዝ፣ የጽጌረዳ ቅጠል። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዘላይ ሸረሪት ሙቀት ስለምትወድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አትልፉ። ጥንዚዛ፣ ዝንብና ቢራቢሮ ከሆነ የምትፈልጉት ግን በተቃራኒው ማልዳችሁ ውጡ። ብርዱ ስላደነዘዛቸው ቶሎ አይበሩም፤ ጤዛ ከያዙማ እንዴት እንደሚያምሩ! መስከረም ላይ አደይ አበባ መሐል ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ ይበቃል። ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት) የወረረው ተክል ካያችሁም አትለፉት፤ የሚበላቸው ነፍሳት ሁሉ እዚያው ይሰበሰባል።

መሣሪያው

በስልክ ይቻላል። ስልኩ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ የማክሮ ሌንስ (ትንንሽ ነገር ከቅርብ የሚያጎላ ሌንስ) ግዙ፤ ካጣችሁ ማጉያ መነጽር ስልኩ ካሜራ ላይ አስጠግታችሁ ሞክሩ። ካሜራ ያለው ሰው ደግሞ ውድ ሌንስ ከመግዛቱ በፊት የድሮ 50 ሚሊ ሜትር ሌንሱን ገልብጦ፣ የፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ፣ ለዚሁ በተሠራ ማያያዣ ቀለበት ይግጠመው። የሚገርም ያጎላል። ትራይፖዱን ግን ቤት ተዉት፤ እግሩን እስክትዘረጉ ሸረሪቷ ሌላ ሰፈር ገብታለች።

ብርሃኑ

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ከቅርብ ስታነሱ ከፊት ወደ ኋላ ጥርት ብሎ የሚታየው ስፋት አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ይህን ለማስፋት ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ፣ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 በሚባለው ልክ ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። ያኔ ይጨልማል፤ ስለዚህ ፍላሽ ግድ ይሆናል። ባዶ ፍላሽ ግን ዓይኗ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጭ ነጥብ ትቶ ሌላውን ያበላሻል። ፍላሹ ፊት ነጭ ወረቀት ወይም የተደረበ ሶፍት ጎበጥ አድርጋችሁ እሰሩ። ወረቀቱ ሰፋ ባለና ለሸረሪቷ በቀረበ ቁጥር ብርሃኑ ይለሰልሳል። የሹተሩን (የካሜራውን መዝጊያ) ፍጥነት 1/200 ሰከንድ ላይ አድርጉት። በስልክ ከሆነ ቀለል ያለ ጥላ ፈልጉ፣ ነጭ ወረቀት ከጎን ይዛችሁ ብርሃኑን ወደ እሷ መልሱ።

ማንሳቱ

ከላይ አታንሷት። ከላይ ያያችኋት እንደሆነ ጀርባዋን ብቻ ነው የምታገኙት። ተንበርከኩ፣ ካስፈለገም ተኙ፤ ሌንሱ ከዓይኗ ትክክል ይሁን። ጥላችሁ እንዳይወድቅባት ተጠንቀቁ። ፎከሱን በእጅ አስተካክላችሁ ቆልፉት፤ ከዚያ ሰውነታችሁን በትንሹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያላችሁ ትልልቆቹ ዓይኖች ሲጠሩ ተኩሱ። ክርናችሁን መሬት ወይም ግድግዳ ላይ ብታስደግፉ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። ሃምሳ አንስታችሁ ሦስት ከተረፈላችሁ ጥሩ ቀን ነው። እግሯ ቢደበዝዝ ችግር የለም፤ ዓይኗ ከደበዘዘ ግን አጥፉት።

ጀርባዋን ከሰጠቻችሁ ጣታችሁን ከሌንሱ ጎን ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱ። የሚንቀሳቀስ ነገር ማየት ስለምትወድ ትዞራለች። እንዳትንቀሳቀስ ብለው ፍሪጅ ውስጥ የሚከቷት አሉ፤ እኔ አልወደውም፣ ፎቶውም ላይ ሕይወት አይኖርም።

አንዳንዴ "ጉንዳን" ስታነሱ እግሯን ቁጠሩ። ስምንት ከሆነ ጉንዳን የምትመስል ዘላይ ሸረሪት ናት፤ የፊት እግሮቿን እንደ ቀንድ እያነሳች ታታልላለች።

ሌንሱ ላይ ዘላ ብትወጣ አትደንግጡ፤ ሰው ላይ ጉዳት አታደርስም ማለት ይቻላል። ሌንሱን አታራግፉ፣ አትንፉባትም። ቅጠል ጠጋ አድርጉላት፣ ራሷ ትሻገራለች። ያኔ ዞር ብላ ስለምታያችሁ ካሜራው ዝግጁ ይሁን።