ይዲድያ፦ ስሙን ለልጅዎ ከማውጣትዎ በፊት ትርጉሙን እንዴት ያጣራሉ?

መጀመሪያ ጥቅሱን ይክፈቱ። ይዲድያ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ 2ኛ ሳሙኤል 12፥25 (በግዕዙ መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ)። ዳዊት ከቤርሳቤህ የወለደው የመጀመሪያ ልጅ ከሞተ በኋላ ሰሎሞን ተወለደ። እግዚአብሔርም ወደደው፤ ነቢዩ ናታንን ልኮ ይህን ስም አወጣለት። ከኀዘን በኋላ ልጅ ለተሰጣቸው ወላጆች ከዚህ የሚቀርብ ስም ማግኘት ይከብዳል። መጽሐፉ ራሱ ግን ከዚያ ወዲያ ሰሎሞን እንጂ ይዲድያ ብሎ አይጠራውም።

ቀጥሎ ስሙን ለሁለት ይክፈሉት። «ይዲድ» ውድ፣ ተወዳጅ ማለት ነው። «ያህ» ደግሞ በሃሌ ሉያ መጨረሻ ላይ የምንሰማው የእግዚአብሔር ስም ነው። እኛ ወለደ፣ ወረደ የምንለውን ዕብራይስጡ ያላድ፣ ያራድ ይላል፤ የመጀመሪያው «ወ» እዚያ «ይ» ይሆናል። በዚሁ መንገድ ይዲድ ከእኛው «ወደደ» ጋር ይዛመዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «እግዚአብሔርን የሚወድ» ብለው ይተረጉሙታል። የሚወድ ግን እግዚአብሔር ነው፣ የሚወደድ ልጁ። ማረጋገጫ ከፈለጉ ዘዳግም 33፥12ን ያንብቡ፤ ብንያም «በእግዚአብሔር የተወደደ» የተባለው በዕብራይስጡ በዚሁ «ይዲድ» በሚለው ቃል ነው። በመዝሙር 127፥2 (በግዕዙ 126) «ለወዳጁ» የሚለውም ይኸው ቃል ነው።

የስም ዝርዝሮች ይዲድያን «ያህ ያውቃል» ብለው ከፈቱት ይዳዕያ ከተባለው ሌላ የዕብራይስጥ ስም ጋር አደባልቀውታል፤ የዚያኛው ሥር «ማወቅ» ነው።

ይዲድያ በዕብራይስጥ የወንድ ስም ነው፤ በእኛ ዘንድ ለሴትም ይወጣል። ለሴት ልጅ ከመጽሐፉ የሚቀርበውን ከፈለጉ የንጉሡ የኢዮስያስ እናት ይዲዳ አለች (2ኛ ነገሥት 22፥1)።

አጻጻፉን ሳይወስኑ ወደ ምዝገባ አይሂዱ። «ዲ» ሣልስ፣ ሁለተኛው «ድ» ሳድስ ነው፤ «ይዲዲያ» ወይም «የዲድያ» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ማስተካከል ያንገላታል። በላቲን ፊደል በዋይ (Y) ቢጀምሩት እኛ ከምንጠራው ጋር ይስማማል። በጄ (J) ከጀመረ አሜሪካ ውስጥ «ጀዲዳያ» ብለው ያነቡታል፣ ሲያቆላምጡትም «ጄድ» ይሉታል። የመረጡትን አንድ አጻጻፍ በልደት ምስክር ወረቀቱም፣ በክትባት ካርዱም፣ በፓስፖርቱም ሳይለውጡ ያስጽፉ። በኢትዮጵያ ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ነውና ስሙን ከዚያ በፊት ይወስኑ።