በአየርላንድ ከተሞች የቪክቶሪያን ዘመን ሕንጻዎች እንዴት መለየት ይቻላል?

ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠችባቸው ከ1837 እስከ 1901 ባሉት ዓመታት (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተሠሩ ሕንጻዎች የአየርላንድን ከተሞች ዋና መንገዶች ዛሬም ሞልተዋቸዋል። የሱቆቹ ፊት ግን ደጋግሞ ስለሚታደስ የሕንጻውን ዕድሜ አይናገርም፤ ስለዚህ ወደ መንገዱ ማዶ ተሻግረው ከታፔላው በላይ ያሉትን ፎቆች ይመልከቱ።

በመጀመሪያ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ይዩ። በኮርክ ቀይ አሸዋማ ድንጋይ ከፈዛዛ የኖራ ድንጋይ ጋር ተጣምሮ ይገኛል፤ በደብሊን ደግሞ ከዊክሎው ተራሮች የመጣ ግራናይት በብዛት ይታያል። የባቡር ሐዲድ ከተስፋፋ በኋላ የግንባታ ዕቃ ከሩቅ ማጓጓዝ ስለቀለለ፣ በ1881 እንደተከፈተው የደብሊን የደቡብ ከተማ ገበያ ያሉ የቀይ ጡብ ሕንጻዎች በዙ።

ረጅሙን ጊዜዎን ለአብያተ ክርስቲያናት ይስጡ። ሹል ቅስት ባዩ ቁጥር ቤተ ክርስቲያኑ የየትኛው እምነት እንደሆነ አውቄያለሁ አይበሉ፤ ካቶሊኮችም አንግሊካኖችም (የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ወገን የሆኑት ፕሮቴስታንቶች) ሹል ቅስት መለያው በሆነው፣ ከመካከለኛው ዘመን በተወሰደው በጎቲክ ስልት ሠርተዋልና። ዊልያም በርጅስ የነደፈውና በ1865 የተጀመረው የኮርኩ የቅዱስ ፊንባር ካቴድራል አንግሊካን ሲሆን፣ በ1868 የተጀመረው የወደብ ከተማዋ የኮቭ የቅዱስ ኮልማን ካቴድራል ካቶሊክ ነው፤ ሁለቱም የፈረንሳይን ጎቲክ ይከተላሉ። የተሻለው መለያ ቦታው ነው። እስከ 1871 የመንግሥት ሃይማኖት የነበረው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ይዞታዎችን ስለወረሰ፣ ፊንባር የቆመው ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረበት ስፍራ ነው። ካቶሊኮች ግን የ1829ኙ ሕግ መብታቸውን ካሰፋላቸው በኋላ አዲስ ቦታ፣ ብዙ ጊዜም ከፍታ ይፈልጉ ነበር፤ የኮቭ ካቴድራል ከወደቡ በላይ ጎልቶ የሚታየው ለዚህ ነው።

ግንባታው ስንት ዓመት እንደፈጀም ይመርምሩ። በ1840 የተጀመረው የአርማ ከተማ ካቶሊክ ካቴድራል በ1840ዎቹ አየርላንድን በመታው ታላቅ ረሀብ ምክንያት ተቋርጦ በ1854 ሲቀጥል፣ አዲሱ አርክቴክት ጄ. ጄ. ማካርቲ ንድፉን ለወጠው፤ በዚህም የታችኛው ግድግዳና የላይኛው በስልት ተለያዩ። እኔ ከየትኛውም የተዋበ ማማ ይልቅ ይህን መጋጠሚያ እወዳለሁ፤ የረሀቡን ዓመታት በድንጋይ ላይ ያሳያልና።

ባንኮችን መለየት ይቀላል፤ የጣሊያን ቤተ መንግሥት የሚመስሉት ገንዘብ አስቀማጩ እንዲተማመን ታስበው ነው።

በግድግዳው ላይ የተቀረጸ ዓመት ካገኙ የእድሳት ሊሆን ስለሚችል፣ ከ1888 እስከ 1913 ከተዘጋጁት ዝርዝር የመንግሥት ካርታዎች ጋር ያመሳክሩት።