የክሩዝ ቅናሽ እውነት ይቀንሳል? ኪስ የሚያራቁቱ ስህተቶች

ከጃንዋሪ እስከ ማርች የክሩዝ (በትልቅ መርከብ የሚደረግ የመዝናኛ ጉዞ) ኩባንያዎች ትልቁ የሽያጭ ወቅት ነው። አሜሪካ ያላችሁ ኢሜይላችሁን ብታዩ ማስታወቂያው አይጠፋም። «ሁለተኛው ሰው 60 በመቶ ቅናሽ»፣ «ልጆች በነፃ»፣ «መጠጥ በነፃ»፣ «ዛሬ ማታ ያበቃል»። አንዳንዱ እውነተኛ ቅናሽ ነው። ብዙው ግን ያው የድሮው ዋጋ ነው፤ የተቀየረው ስሙ ብቻ ነው። ቤተሰብ ለፍቶ ያጠራቀመው ገንዘብ በማይሆን ነገር ሲወጣ ስለሚያናድደኝ፣ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች እነሆ።

በመቶኛው መሸወድ

«ሁለተኛው ሰው 60 በመቶ» የሚለውን እንውሰድ። የመጀመሪያው ሰው 1,000 ዶላር ቢከፍል ሁለተኛው 400 ይከፍላል። ድምሩ 1,400። በነፍስ ወከፍ 700 ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ 60 የተባለው ቅናሽ ለክፍሉ ሲሰላ 30 በመቶ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ደግ ነበር፣ መነሻው 1,000 እውነተኛ ዋጋ ከሆነ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የመርከብ ክፍል ዋጋ እንደ አውሮፕላን ትኬት ይወጣል፣ ይወርዳል፤ መነሻውን የሚቆርጠውም ሻጩ ራሱ ነው። ቅናሹ «40 በመቶ» በተባለበት ሳምንት ያው ክፍል በ1,350 ቀርቦ ሊሆን ይችላል። መቶኛው አነሰ፣ ዋጋውም አነሰ!

መፍትሔው ቀላል ነው። የምትፈልጉትን መርከብ፣ ቀንና የክፍል ዓይነት ምረጡ። እስከ መጨረሻው የክፍያ ገጽ ድረስ ግቡና ጠቅላላ ድምሩን ስክሪንሾት አንሱ። በየሳምንቱ ድገሙት። ወር ሳይሞላ የትኛው ቅናሽ እውነት እንደሆነ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

በሰዓት ቆጣሪው መደናገጥ

ገጹ ላይ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ሲያልቅ፣ በማግስቱ ሌላ ስም ያለው ሽያጭ ይመጣል። ጥድፊያ ለሻጭ እንጂ ለገዢ አይመችም። በርግጥ አንድ የተለየ ክፍል፣ ለምሳሌ ለአምስት ሰው የሚሆን፣ ከፈለጋችሁ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። ያኔ የሚያስቸኩላችሁ የክፍሉ ቁጥር ማነስ እንጂ ቆጣሪው አይደለም።

«ነፃ» ሲሉ ማመን

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው በዚህ በኩል ነው።

መጠጥ በነፃ ሲባል የመጠጥ ፓኬጁ (በቀን ሂሳብ አንድ ላይ የሚገዛው መጠጥ) ነፃ ይሆንና የፓኬጁ ጉርሻ ግን የሚከፈልበት ጊዜ አለ። የፓኬጁ ዋጋ በቀን 100 ዶላር ነው ተብሎ 20 በመቶ ጉርሻ ቢታሰብ፣ ለሁለት ሰው ለሰባት ቀን 280 ዶላር ይሆናል። እናት ጾም ላይ ናት፣ አባት ቢበዛ አንድ ቢራ ነው የሚጠጣው። ታዲያ 280 ዶላር ለምን? ካልፈለጋችሁ ይውጣልን በሉና ያለ ፓኬጁ ስንት እንደሚሆን ጠይቁ። ፓኬጁን በገንዘብ ልግዛ የሚልም ይጠንቀቅ። በአንዳንድ ኩባንያዎች አንድ አዋቂ የአልኮል ፓኬጅ ከገዛ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ያሉት ሌሎች አዋቂዎችም መግዛት ግድ ይላቸዋል።

ልጆች በነፃ የሚለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚያው ክፍል ለሚያድሩት ለሦስተኛውና ለአራተኛው ሰው ነው። ታክስ፣ የወደብ ክፍያና ጉርሻ ይከፈልላቸዋል። ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ፣ ማለትም ልጆች ያሉት ሰው የሚፈልገው ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ ከቅናሹ ውጭ ነው።

ጉርሻውን ካነሳን አይቀር፣ ለመርከቡ ሠራተኞች በየቀኑ የሚታሰበው ጉርሻ በትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች ለመደበኛ ክፍል በአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው። ለአራት ሰው ለሰባት ቀን ከ448 እስከ 560 ዶላር ማለት ነው። ካሊፎርኒያ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ግዴታ የሆነ ክፍያ ሁሉ በማስታወቂያው ዋጋ ውስጥ እንዲገባ በሕግ ካዘዘች ወዲህ፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ታክስና የወደብ ክፍያን ጨምረው ማሳየት ጀምረዋል። የየቀኑ ጉርሻ ግን አሁንም ከዚያ ውጭ ነው።

መርከብ ላይ ብቻ የምታወጡት ስጦታ ሂሳብ፣ ክሬዲት የሚሉትም፣ እንደ ጥሬ ገንዘብ አይቆጠር። አብዛኛው ካልተጠቀማችሁበት በመጨረሻዋ ሌሊት ይቃጠላል።

ብቻችሁን ስትሄዱ የሁለት ሰው ዋጋ ማየት

የሚተዋወቀው ዋጋ ሁለት ሰው ክፍል ሲጋራ ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው እጥፍ ሊጠየቅ ይችላል። የሁለተኛ ሰው ቅናሽ ለእሱ ምንም ላይፈይድለት ይችላል።

መነሻ ወደቡን መርሳት

ዋሽንግተን አካባቢ ላለ ቤተሰብ ከማያሚ የሚነሳ ርካሽ መርከብ አራት የአውሮፕላን ትኬትና አንድ ሌሊት ሆቴል ይጨምርበታል። ሮያል ካሪቢያንና ካርኒቫል ከባልቲሞር ይነሳሉ። ዋጋው ከፍ ያለ ቢመስልም በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ የምትጨምሩት የፓርኪንግ ነው። ሂዩስተን ላሉት ጋልቨስተን እንደዚያው ነው።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ደግሞ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ቪዛውን አጣሩ። መርከቡ ከግሪክ ተነስቶ ቱርክ ደርሶ ወደ ግሪክ የሚመለስ ከሆነ፣ ቱርክ ከሸንገን አገሮች ውጭ ስለሆነች የምታወጡት የሸንገን (የአውሮፓ) ቪዛ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት።

ቀብድ ከፍሎ ዋጋውን መተው

ብዙ ሰው ቀብድ ከከፈለ በኋላ ዋጋውን ዞር ብሎ አያየውም። ዋናው ቁጠባ ያለው ግን እዚሁ ነው። ብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎች የመጨረሻው ክፍያ ቀን እስኪደርስ፣ ማለትም ጉዞው ሦስት ወር ገደማ እስኪቀረው ድረስ፣ ዋጋው ከወረደ በአዲሱ ያስተካክሉላችኋል። ደውሎ መጠየቅ ግን የእናንተ ሥራ ነው። በኤጀንት ከያዛችሁ ኤጀንቱ ይደውል። አዲሱ ዋጋ መጀመሪያ ከቅናሹ ጋር የተሰጣችሁን ስጦታ (እንደ ነፃ መጠጥ ያለውን) ሊያስቀርባችሁ ስለሚችል ሁለቱን ድምሮች አነጻጽሩ። የማይመለስ ቀብድ ረከስ ይላል፤ ቀን ብትቀይሩ ግን ቅጣት አለው። ከሥራ የምትወስዱት የዕረፍት ፈቃድ ካልተረጋገጠ አትንኩት።

የቅናሹን ስም እንጂ ወቅቱን አለማየት

በካሪቢያን በኩል ዋጋ ከልቡ የሚወርደው ሴፕቴምበርና ኦክቶበር፣ ከታንክስጊቪንግ እስከ ፈረንጆች ገና ባሉት ሳምንታት፣ እንዲሁም አዲስ ዓመታቸው ካለፈ በኋላ ነው። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 በሚዘልቀው የከባድ አውሎ ነፋስ ወቅት ውስጥ ናቸው። መርከቡ ብዙ ጊዜ ጉዞውን አይሰርዝም፣ መንገድ ይቀይራል፤ ባሃማስ ያላችሁት ሌላ ወደብ ሊሆን ይችላል። ልጆቻችሁ ትምህርት ያልጀመሩ ከሆነና ይህ ካላስጨነቃችሁ፣ ያኔ ያዙ። የጉዞ ኢንሹራንሱን ግን ቀብድ በከፈላችሁ ሰሞን ግዙ። አውሎ ነፋሱ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ኢንሹራንስ ያንን አውሎ ነፋስ አይሸፍንም።