ክላስተሩ ሲንቀራፈፍ፦ ዲስኩን ከመወንጀላችሁ በፊት

በስቶሬጅ ክላስተር (ዳታን በጋራ በሚያስቀምጡ ሰርቨሮች ስብስብ) ውስጥ ዳታ ሲጻፍ ቅጂው በኔትወርክ ወደ ሌሎች ሰርቨሮች ይሄዳል። ቅጂው እስኪቀመጥ ድረስ ጸሐፊው ፕሮግራም ይጠብቃል። ስለዚህ የኔትወርክ ችግር ብዙ ጊዜ የዲስክ ችግር መስሎ ይታያል። እንደ ሴፍ (Ceph) ባሉ የስቶሬጅ ክላስተር ሲስተሞች ላይ የሚደጋገሙት ችግሮች እነዚህ ናቸው።

ምልክት፦ ፒንግ ይሠራል፤ ትልቅ ዳታ ሲላክ ግን ቀጥ ይላል

አንዳንዴ ኦኤስዲዎቹ (ዲስኮቹን የሚያስተዳድሩት የሴፍ ፕሮግራሞች) ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ፣ ደግሞ ይወድቃሉ። መጀመሪያ የምጠረጥረው ኤምቲዩን፣ ማለትም በአንድ ፓኬት ማለፍ የሚችለውን ትልቁን የባይት መጠን፣ ነው። ሰርቨሮቹ ላይ 9000 ተደርጓል፤ መሃል ላይ ግን አንድ የተረሳ የስዊች ፖርት 1500 ላይ ቀርቷል። ትንሹ ፓኬት ያልፋል፣ ትልቁ ዝም ብሎ ይጣላል። ተራ ፒንግ የሚሸውደውም ለዚህ ነው።

ፒንጉን በ8972 ባይት ላኩት፣ ፓኬቱም እንዳይከፋፈል ከልክሉ። የአይፒው ሄደር 20 እና የአይሲኤምፒው (የፒንግ ፕሮቶኮሉ) ሄደር 8 ባይት ሲጨመርበት ልክ 9000 ይመጣል። ከእያንዳንዱ ሰርቨር ወደ እያንዳንዱ ሞክሩ፤ ሁለቱን ብቻ አይቶ «ሰላም ነው» ማለት አያዋጣም። ያላለፈበትን ፖርት ኤምቲዩ ከፍ አድርጉ። ብዙ ስዊቾች ላይ 9216 ይደረጋል፤ የኢተርኔቱ ሄደርም ቦታ ይፈልጋላ። ስዊቹ በእጃችሁ ካልሆነ ሁሉንም ወደ 1500 መልሱ። ለእኔ ሙሉ 1500 ከግማሽ 9000 ይሻላል።

ምልክት፦ ሁለት ባለ 25 ጊጋቢት ኬብል በቦንድ (እንደ አንድ መስመር) ታስሮ ከ25 አያልፍም

ይሄ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ኤልኤሲፒ (ኬብሎቹን የሚያስተሳስረው ፕሮቶኮል) አንድን ግንኙነት የሚልከው በአንድ ኬብል ብቻ ነው። አይፐርፍ3 (የኔትወርክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) ላይ ብዙ ግንኙነት ከፍታችሁ ለኩ። ያኔም ካላለፈ የሃሽ ፖሊሲውን (የትኛው ግንኙነት በየትኛው ኬብል እንደሚሄድ የሚወስነውን) እዩ፤ ሊኑክስ ሳይነካ የሚመጣው በሌየር 2፣ ማለትም በማክ አድራሻ፣ ነው። ሌየር 3+4 (በአይፒ አድራሻና በፖርት ቁጥር) አድርጉት። የስዊቹንም ሃሽ አትርሱ፤ ወደ ሰርቨሩ የሚመጣውን ትራፊክ የሚያከፋፍለው እሱ ነው።

ምልክት፦ ባለ 100 ጊጋቢት ካርድ 60 አካባቢ ይቆማል

ካርዱ የተሰካበትን ስሎት እዩ። ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 በ8 ሌን (የዳታ መስመር) የሚችለው ወደ 63 ጊጋቢት ነው። ወደ ባለ 16 ሌን ስሎት አዛውሩት። የስሎቱ ርዝመት አያታላችሁ፤ ረጅም ሆኖ ውስጡ 8 ሌን ብቻ የተገናኘለት አለ።

ምልክት፦ አማካዩ ጥሩ ነው፤ ሌተንሲው (የመዘግየት ጊዜው) ግን አልፎ አልፎ ይዘላል

በመጀመሪያ የሲአርሲ ስህተት ቆጣሪውን (ተበላሽተው የደረሱትን የሚቆጥረውን) ተመልከቱ። እየጨመረ ከሆነ የፋይበሩን ጫፍ አጽዱ፤ ካልተሻለው ሞጁሉን ወይም ኬብሉን ቀይሩ። ቆጣሪው ንጹሕ ከሆነ ሲፒዩው ሥራ ሲቀንስ እያንቀላፋ ይሆናል፤ ጥልቅ የሆኑትን ሲ-ስቴቶች (የሲፒዩውን የእንቅልፍ ደረጃዎች) ዝጉ።

አርዲኤምኤን (ሲፒዩውን ሳያስቸግር የሌላ ሰርቨር ሚሞሪ ላይ የሚያነብና የሚጽፍ ዘዴ) በኢተርኔት፣ ማለትም ሮኪን፣ የምትጠቀሙ ደግሞ ፒኤፍሲን (መጨናነቅ ሲመጣ የአንድ ቅድሚያ ደረጃ ትራፊክን ለጊዜው የሚያስቆመውን) ፈትሹ። ሰርቨሩ ትራፊኩን በአንድ የቅድሚያ ደረጃ ሲልክ ስዊቹ ፒኤፍሲን በሌላ ደረጃ ላይ ከከፈተው፣ መጨናነቅ ሲመጣ ፓኬት ይጣላል። ሮኪ ደግሞ የፓኬት መጥፋትን ጨርሶ አይወድም። ደረጃው በሁሉም ሰርቨርና በሁሉም ፖርት ላይ አንድ መሆን አለበት።