የሕፃናት ማቆያ ከመምረጥዎ በፊት
በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀናት ስለሆነ፣ ማቆያ የመፈለጉ ሥራ ከመውለድ በፊት ቢጀመር ይመረጣል። ሲጎበኙ ቀድመው ሳይናገሩ፣ በተለይም በምሳ ወይም በእንቅልፍ ሰዓት ይሂዱ፤ ሞግዚቶቹ የሚያለቅስን ሕፃን እንዴት እንደሚያባብሉ፣ ዳይፐር ከቀየሩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና መታጠባቸውንና አንዲት ሞግዚት ስንት ሕፃናት እንደምትይዝ በዓይንዎ ይመልከቱ። የታለበ የጡት ወተት የሚያስቀምጡ ከሆነ፣ የልጁ ስምና የታለበበት ሰዓት በጠርሙሱ ላይ መጻፉን ያረጋግጡ። ለመዋዕለ ሕፃናት የደረሰ ልጅ ካለዎት ደግሞ፣ ልጆችን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ አስቀምጦ ፊደል ከሚያስቆጥረው ይልቅ ተረት፣ ጨዋታና ሰፊ ግቢ ያለውን እንዲመርጡ አጥብቄ እመክራለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁን ለአጭር ጊዜ ብቻ ይተዉት፤ ሲወጡም ሳይደበቁ ይሰናበቱት።